ረጅም የጠፈር ቆይታና የሰው አንጎል

ከድሬ ወደ ሐረር ስንወጣ የደንገጎ ጥምዝምዝ መንገድ ስንቱን አስመልሶታል። በተለይ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ተሳፋሪ አይችለውም። ዓይኑ የሚያየው ነገር አይንቀሳቀስም፤ የውስጥ ጆሮው ግን እያንዳንዷን መታጠፊያ ይሰማታል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ያቅለሸልሻል። ብዙ ጠፈርተኞችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያማቸውም ይኸው አለመግባባት ነው። እዚያ ክብደት ስለማይሰማ የውስጥ ጆሮ ላይና ታቹን መለየት ይሳነዋል። አንጎል ቀስ በቀስ ዓይንን ይበልጥ ማመን ይለምድና ሕመሙ ያልፋል።

ለወራት ሲቆዩ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ከድሬ አዲስ አበባ በመኪና ከሚኬደው ያነሰ ርቀት። እዚያ ደምና ሌላው የሰውነት ፈሳሽ ወደ ጭንቅላት ያመዝናል። ፊት ያብጣል፣ የአንዳንዶቹ እይታ ይቀየራል። አንጎል ራሱ በራስ ቅል ውስጥ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ በውስጡ ያሉት ፈሳሽ የሞላባቸው ክፍተቶችም ይሰፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የ30 ጠፈርተኞች የኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ጥናት እንደሚጠቁመው፣ ክፍተቶቹ በደንብ እንዲያገግሙ በሁለት ጉዞዎች መካከል 3 ዓመት ያህል ያስፈልጋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ እረፍቱ ከዚያ ካጠረ ሰውየው ሳያገግም ተመልሶ ይሄዳል።

እንቅልፍም ይጎድላል። ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ትወጣለች፤ ጠፈርተኞቹም በአማካይ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ይተኛሉ።

አስተሳሰብስ? እዚህ ላይ ፈተናው ያለው መሸጋገሪያው ላይ፣ ማለትም ጠፈር ሲገቡና ምድር ሲመለሱ ነው። ሩሲያዊው ቫለሪ ፖልያኮቭ እ.ኤ.አ. በ1994 እና 1995 ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን ቆየ። ስሜቱና የሥራ ብቃቱ የወረዱት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ከተመለሰ በኋላ ነው፤ መሐሉ ላይ የተረጋጋ ነበር። አሜሪካዊው ስኮት ኬሊ 340 ቀን ሲቆይ መንትያው ማርክ ለማነጻጸሪያ ምድር ላይ ቀረ። ስኮት ከተመለሰ በኋላ የአእምሮ ፈተናዎችን የሚሠራበት ፍጥነትና ትክክለኛነት ቀነሰ፤ ይህም እስከ 6 ወር ዘለቀ።

የማርስ ጉዞ የሚያስፈራው ለዚህ ነው። መንገዱ ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ለጣቢያው የሚሰጠው ከለላም እዚያ የለም፤ በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የጠፈር ጨረር ትውስታን ሊጎዳ እንደሚችል አሳይተዋል። ምድር ላይ ሲያርፉ ሐኪሞች ደግፈው ያወጧቸዋል። ማርስ ላይ ደጋፊ የለም። አንጎላቸው በሚደናገርበት በዚያው ሰዓት መንኩራኩሯን ማሳረፉም፣ መሣሪያ መፈተሹም፣ መወሰኑም የራሳቸው ሥራ ይሆናል።