የምሥራቅ አፍሪካ ፖሊሶች ትብብር፦ ከዋና ከተማ እስከ ድንበር ኬላ

የምሥራቅ አፍሪካ ፖሊስ አዛዦች የትብብር ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢያፕኮ፣ በ1998 ካምፓላ ላይ የተመሠረተ የቀጣናው አገሮች የፖሊስ ማኅበር ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባላቱ አሥራ አራት ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ሲሼልስና ኮሞሮስ። ከላይ የአገሮቹ የፖሊስ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ከሥራቸው የፖሊስ አዛዦቹ በጉባኤ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወርዶ ሥራውን የሚከታተል ቋሚ አስተባባሪ ኮሚቴ አለ፤ የሕግ፣ የሥልጠና፣ የሥርዓተ ጾታና የፀረ ሽብር ንዑሳን ኮሚቴዎችም አሉት። ሊቀመንበርነቱ በአባል አገሮች መካከል ይዞራል። የጽሕፈት ቤቱን ሥራ የሚሠራለት ናይሮቢ ያለው የኢንተርፖል ቀጣናዊ ቢሮ ነው።

ማኅበሩ በተመሠረተበት በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 7 ቀን፣ ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በአንድ ጠዋት በቦምብ ተመተው 224 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ በመንገድ የሚያልፉ፣ በአጠገቡ ሕንፃ ቢሮ የገቡ ኬንያውያን ነበሩ። ሴራው የተሸረበው ከአንድ አገር በላይ በሚዘረጋ መረብ ነበር፤ ፖሊሶቹ ግን እስከዚያ ድረስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድንበር ጠባቂ ነበሩ።

ሐሳቡ የምሥራቁ ብቻ አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ቀጣና ፖሊሶች በ1995 ቪክቶሪያ ፏፏቴ ላይ ተሰባስበው የራሳቸውን ድርጅት አቁመዋል፤ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካም በ1997 ተከትለዋል። አህጉር አቀፉ አፍሪፖል የመጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው፦ መቀመጫው አልጀርስ ሲሆን መተዳደሪያ ደንቡን የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው በጃንዩዋሪ 2017 ነው።

የአንድ ጥያቄ ጉዞ

ትብብሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ ሞያሌ መሄድ ይሻላል። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር መስመር ለሁለት የተከፈለች አንድ ከተማ ናት፤ ገበያው፣ ዘመዱ፣ ቋንቋው አንድ ነው። በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር ኬላ መርቀውባታል። አሁን ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሞተር ሳይክል ተሰርቆ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ተነዳ እንበል። የሁለቱ ከተሞች ፖሊስ ጣቢያዎች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። መደበኛው መንገድ ግን ሌላ ነው፦ ጥያቄው ከሞያሌ አዲስ አበባ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ይወጣል፤ ፌዴራል ፖሊስ ሥር ያለው የኢንተርፖል ብሔራዊ ቢሮ ለናይሮቢው አቻው ይልካል፤ ናይሮቢ ደግሞ ወደ ራሷ ሞያሌ ታወርዳለች። አዲስ አበባም ናይሮቢም ከሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ወረቀቱ ይህን ሁሉ ዞሮ እስኪደርስ ሞተሩ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰሌዳ ተቀይሮ ተሸጧል።

ድንበር ላይ ያሉ ፖሊሶች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ስለዚህ ስልክ ይደዋወላሉ። በስልክ የተገኘ ወሬ ሌባውን ለመፈለግ ይጠቅማል፣ ፍርድ ቤት ግን አይቆምም። ማስረጃ የሚሆነው በመደበኛው መንገድ የመጣው ነው። እንግዲህ ፈጣኑ መንገድ ዋጋ የለውም፣ ዋጋ ያለው መንገድ ፈጣን አይደለም። የቀጣናው የፖሊስ ትብብር ትልቁ ሥራ ይህን ክፍተት ማጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ። የጋራ ሥልጠናውም፣ የጋራ ዘመቻውም፣ አራተኛው በ2023 ኪጋሊ ላይ የተካሄደው የፖሊሶች የስፖርት ውድድር እንኳ ሳይቀር ጥቅሙ ከዚህ አንጻር ይታየኛል። አብሮ ኳስ የተጫወተ መኮንን ማን ጋ እንደሚደውል ያውቃል።

ኢትዮጵያ የኢንተርፖል አባል የሆነችው በ1958 ነው። ኢንተርፖል ራሱ በ1923 ቪየና ላይ የተጀመረ፣ ዛሬ መቀመጫው ሊዮን የሆነ፣ 196 አባል አገሮች ያሉት ድርጅት ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው በየአገሩ እየዞሩ ሰው የሚይዙ ፖሊሶች የሉትም። «ቀይ ማስታወቂያ» የሚባለውም በራሱ የመያዣ ትዕዛዝ አይደለም፤ ይህ ሰው ይፈለጋል ብሎ ለአባል አገሮች ማሳወቂያ ነው፤ ልያዝ ወይስ ልተው የሚለውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። መተዳደሪያ ደንቡ በሦስተኛው አንቀጽ ፖለቲካዊ፣ ወታደራዊ፣ ሃይማኖታዊና ዘር ነክ ጉዳዮች ውስጥ እንዳይገባ ይከለክለዋል።

ተይዞ ከተገኘስ በኋላ? እዚህ ላይ ፖሊስ ያበቃና ፍርድ ቤት ይጀምራል። የኢጋድ አባል አገሮች በ2009 ጅቡቲ ላይ በወንጀል ጉዳይ ለመተጋገዝና ተፈላጊን አሳልፎ ለመስጠት ሁለት ስምምነቶችን ተቀብለዋል። የአገር ውስጥ ሕግ ግን የራሱ አጥር አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ዜጋ ለውጭ አገር ተላልፎ እንደማይሰጥ፣ ይልቁንም እዚሁ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ ይደነግጋል። ስለዚህ ወንጀሉ የተፈጸመው ናይሮቢ፣ ምስክሮቹም ናይሮቢ ሆነው፣ ችሎቱ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ምስክርና ሰነድ ከዚያ የሚመጣው ደግሞ በትብብር ብቻ ነው።

ከብትና ክላሽ

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ጋምቤላ ውስጥ የኑዌር መንደሮችን ወረሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ፣ ከ2,000 በላይ ከብት ተነዳ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በደቡብ ሱዳን መንግሥት ፈቃድ ድንበር ተሻግሮ ሕፃናቱን መፈለግ ጀመረ፤ ብዙዎቹ በድርድርም ጭምር ተመለሱ። ከብት ዘረፋ በከተማ ሰው ጆሮ የጥንት ነገር ይመስላል። በአርብቶ አደሩ ጠረፍ ግን በክላሽ የሚፈጸም፣ ሕፃን የሚያስቀር፣ መንደር የሚያነቅል ወንጀል ነው።

ከኦሞ ግርጌ እስከ ካራሞጃ ያለው አገር የዚህ ችግር እምብርት ነው። ዳሰነችና ኛንጋቶም በኢትዮጵያ፣ ቱርካና በኬንያ፣ ቶፖሳ በደቡብ ሱዳን፣ ካራሞጆንግ በኡጋንዳ፤ አራት አገሮች እዚያ ይገናኛሉ፤ ሣርና ውኃ ግን ድንበር አያውቅም። የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተቋም፣ ሴዋርን፣ በ2002 በተፈረመ ፕሮቶኮል ሲቋቋም ሥራውን ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ይገኛል። ኢያፕኮ በበኩሉ በ2008 የከብት ዘረፋን ለመከላከል ፕሮቶኮል አዘጋጅቷል፤ «ሚፉጎ» ይሉታል፣ በስዋሂሊ የቤት እንስሳት ማለት ነው። ፍሬ ነገሩ ከብቱን የሚታወቅ ማድረግ ነው፦ ምልክት ይደረግበት፣ ይመዝገብ፣ ከቦታ ቦታ ሲነዳ ፈቃድ ይኑረው። የተሰረቀ በሬ ሌላ አገር ገበያ ሲደርስ የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር ከሌለው ፖሊስ ምን ይይዛል?

ከብቱ ሲነዳ ክላሹ አብሮ ይሄዳል። በ2000 የተሰጠው የናይሮቢ መግለጫ በ2004 አስገዳጅ ፕሮቶኮል ሆነ፤ አነስተኛና ቀላል የጦር መሣሪያዎችን ለመቆጣጠር አገሮቹ መሣሪያዎቻቸውን ምልክት ሊያደርጉባቸው፣ ሊመዘግቧቸው፣ ትርፉን ሊያወድሙ ተስማሙ። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ሬክሳ የተባለው ማዕከል መቀመጫው ናይሮቢ ሲሆን አባላቱ 15 ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚያሞቀው ግን ከታች የመጣው ነው። ከኢትዮጵያና ከኬንያ ድንበር ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ቦረናና ገብራ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ2009 የማይኮና ዱካና ስምምነት የሚባለውን አደረጉ። የሰረቀም የገደለም በከብት እንዲክስ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ወንጀለኛውን እንዲያጋልጥ ደነገጉ። የአፈርሳታን ወግ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጦ አጥፊው ሳይታወቅ የማይበተንበት ሥርዓት ነበርና። ፖሊስ እንዲህ ያለውን ስምምነት ከሕጉ ጎን አቁሞ ሲደግፈው ውጤት አለው፤ እንደ ኋላ ቀር ነገር ሲገፋው ግን ድንበሩ ላይ ዓይንም ጆሮም ያጣል።

ስም

የፖሊስ መረጃ ልውውጥ የሚጀምረው ከስም ነው፤ የእኛ ስም ደግሞ ለዓለም ቅጽ አይመችም። የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ ጸሐፊ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ይሞላበታል። ኃይለማርያም የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ፓስፖርት ያወጣ ሁሉ ያውቃል። ዘመን አቆጣጠሩም ሰባትና ስምንት ዓመት ይለያያል፤ በስደተኞች መዝገብ የልደት ቀኑ ሁሉ ጃንዩዋሪ 1 የሆነው ሰው ብዛት ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ መሐመድም ገብረመድኅንም በሺዎች ናቸው።

ይህ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። በ2016 አንድ ወጣት ኤርትራዊ ካርቱም ላይ ተይዞ ለጣሊያን ተላልፎ ተሰጠ፤ የብሪታንያም ፖሊስ በሥራው ተካፋይ ነበር። ታላቅ የሰው አሻጋሪ ተያዘ ተብሎ ተነገረ። የመጀመሪያ ስሙ ከተፈላጊው ስም ጋር አንድ ነበር፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው። የሚያውቁት ሁሉ እሱ አይደለም እያሉ ሲጮኹ ሦስት ዓመት በእስር ቆይቶ፣ በጁላይ 2019 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የተያዘው ሰው ተፈላጊው አለመሆኑን ወስኖ ፈታው። ሦስት አገሮች ተባብረው የተሳሳተ ሰው ያዙ። ትብብር ፍጥነት ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለውንም ያፈጥናል።

ከሕግ መንገድ ውጭ የሚሄድ ትብብርም አለ። በ2014 ለድርድር ናይሮቢ የነበሩ ሁለት የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር (ኦብነግ) ሰዎች ከከተማው መካከል ተጠልፈው ተወሰዱ፤ በጠለፋው ተጠርጥረው ሁለት የኬንያ ፖሊሶች ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ፍርድ ቤት የማያየው ርክክብ ወንጀል መከላከል አይባልም፤ ሰዎች የጎረቤት አገርን ፖሊስ ሲያዩ እንዲሸሹ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የደቡቡ መንገድ፣ የሰሜኑ መንገድ

ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ፤ በየአገሩ ሌላ ደላላ ይቀበላል። በጁን 2012 ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከጭነት መኪና የተጣሉ የአርባ ሁለት ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ የ27 አስከሬን። መንገዱ የምሥራቁን ድርጅት ክልል ጨርሶ የደቡቡ ድርጅት ክልል ውስጥ ይገባል፤ ታንዛኒያ የሁለቱም አባል በመሆኗ መገጣጠሚያዋ እሷ ናት። ያም ሆኖ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ተሻጋሪው ነው፤ ያለ ፈቃድ ገባህ ተብሎ ይታሰራል፣ ይባረራል፣ ደላላው ስልክ ቀይሮ ይቀጥላል። ልጁን እንደ ምስክር ያየው ፖሊስ ቢኖር ኖሮ የደላላው ስም፣ የከፈለበት ሒሳብ፣ ያደረበት ቤት ሁሉ ከአፉ ይገኝ ነበር።

በሰሜኑ መንገድ ይህ አንድ ጊዜ ሆኗል። ሊቢያ ባኒ ዋሊድ ውስጥ ስደተኞችን አግቶ በማሠቃየትና ከቤተሰብ ገንዘብ በማስከፈል ይፈለግ የነበረው ኤርትራዊው ኪዳነ ዘካሪያስ ሀብተማርያም በጃንዩዋሪ 2023 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ፖሊስ ዘመቻውን መርቷል፣ ኢንተርፖል አስተባብሯል፤ ቀይ ማስታወቂያ ያወጡበት ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ ነበሩ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ተይዞ ክሱ እየታየ ሳለ በ2021 አምልጦ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የተያዘው ግን በየትኛውም አገር የመረጃ ቋት አማካይነት አልነበረም። በ2020 መንገድ ላይ ሲሄድ ባኒ ዋሊድ ታግቶ የነበረ አንድ ስደተኛ አየው፣ ፊቱን ለየው፣ ሄዶ ለፖሊስ ነገረ።