የተማሪ ዘጋቢ ፊልም በደሴና በኮምቦልቻ

በደሴና በኮምቦልቻ የተማሪ ዘጋቢ ፊልም ሲባል አንድን ሰው ይዞ በእሱ በኩል ሰፈሩን፣ ገበያውን ወይም የሥራ ባልደረቦቹን የሚያሳይ አጭር ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ይነሳል፤ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ባለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመመረቂያ ሥራ እስከ መሆን ይደርሳል።

ካሜራ ወሎን ያወቀው በእንግዳ እጅ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች ከተማው ውስጥ ነበሩ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል በመሃል እየገባበት በ1967 ዘመን መለወጫ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ለመውረዳቸው የፊልሙ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያከራክራል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር የነበረችው ቆረም በረሃብ ዘገባ በቢቢሲ ታየች። በእነዚህ ሁሉ ወሎዬው በአብዛኛው ስሙ ሳይጠራ ያልፋል።

በደርግ ዘመን የደሴ ወጣት መድረክ ኪነት፣ ማለትም የዘፈንና የውዝዋዜ ቡድን፣ ነበር፤ የላሊበላ ኪነት ስም ዛሬም ይነሳል።

ተማሪው እንግዲህ ከስም ይጀምራል። ባለታሪኩ የሰኞ ገበያ ነጋዴ፣ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ወይም መንዙማ አዋቂ ሊሆን ይችላል። ለቀረጻ ከቡና የተሻለ ሰዓት የለም። ጎረቤት ይጠራል፤ ባለታሪኳ የሳተችውን ዓመት ጎረቤቷ ታርማለች፤ በአቦል የተወራው በረካ ላይ መልኩን ይለውጣል። ማኅበረሰቡን ፍለጋ መዞር አያስፈልግም፣ ራሱ ስኒ ሊቀበል ይመጣል። ኤዲቲንግ ላይ የሚያስቸግረው አዛንና ቅዳሴ በአንድ ማይክ መግባታቸው ነው፤ ቆርጦ የሚጥላቸው ግን ደሴን አያውቃትም። ለማጀቢያ ባቲና አምባሰል የተባሉት የዜማ ቅኝቶች በስማቸው የአገሩ ናቸው፤ ትዝታም፣ ሌላው የፈለገውን ይበል፣ የወሎ ነው።

የቀረጻው ብርሃን እንደ ከተማው ይለያል። ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ጉም ሲጥልባት ከሰዓት በኋላ የተቀረጸው ይደበዝዛል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል።

በ2014 ጦርነት ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆዩ ዩኒቨርሲቲው ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። ከዚያ ወዲህ ለባለታሪኩ ቤት በፍላሽ የሚተው ቅጂ ከውለታ መመለሻነት አልፎ እንደ ማኅደር ቢታይ ያስኬዳል።