«ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት፦ ስለተበላሸ ዊንዶው የምንሰማቸው ስሕተቶች

ባለፈው ሐምሌ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ለቆታል። አንድ ጎረቤታችን ጃንጥላቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ሞተብኝ» አሉኝ። «ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም ብለውኛል። እስቲ አንተም እየው።»

ሄድኩ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ይነሣል፣ ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። አንዳንዴ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል። «ጋሼ፣ ውስጡ ምን አለ?» አልኳቸው። ለዓመታት ያዘጋጇቸው የፈተና ጥያቄዎች፣ የልጃቸው የሠርግ ፎቶ፣ የእናታቸው ድምፅ ያለበት አንድ ቪዲዮ። ሌላ ቦታ ቅጂ የለም።

ሁለት ምሽት አብረን ተቀመጥን። ቡናው እየፈላ፣ ከዚህም ከዚያም የሰሙትን ሁሉ ነገሩኝ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ያሉ ወዳጆቼም የሚሉኝ ይኸንኑ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ዊንዶው ከተበላሸ መድኃኒቱ ፎርማት ብቻ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ጠርጎ ማጥፋት ነው። ዊንዶው ተመልሶ ይጫናል። የእናት ድምፅ ግን ተመልሶ አይጫንም።

ዊንዶው በብዙ ሺህ ፋይሎች የቆመ ነው። ጥቂቶቹ ሲበላሹ ኮምፒውተሩ ይንገዳገዳል። ግን ዊንዶው የዋና ዋና ፋይሎቹን ቅጂ ለብቻው አስቀምጦ ይይዛል። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ ከሚበላው ለይቶ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ኤስኤፍሲ የሚባል ትዕዛዝ አለ። ሥራው ዋናዎቹን ፋይሎች አንድ በአንድ መመርመር ነው። የተበላሸ ካገኘ ከዚያ ከዘሩ አምጥቶ ይተካዋል። አይገዛም፣ ከኢንተርኔትም አይወርድም። ዊንዶው ውስጥ ያለ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መፈለጊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲኤምዲ (cmd) ብለው ይጻፉ። የሚመጣውን በቀኝ ክሊክ ነክተው «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ይምረጡ። ይህን ከዘለሉ ትዕዛዙ አይሠራም። ጥቁሩ መስኮት ሲከፈት ኤስኤፍሲ ብለው ይጻፉና ክፍት ቦታ ይተዉ። ከጥያቄ ምልክቱ ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለችውን ሰረዝ ያስገቡ። ከሰረዟ ጋር አያይዘው ስካንናው ይበሉ፣ እንደ አንድ ቃል (sfc /scannow)። ኢንተር። መቶ በመቶ እስኪሞላ መስኮቱን አይዝጉት።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ምንም የተበላሸ የለም፤ ተገኝቶ ተጠግኗል፤ ወይም ተገኝቷል ግን የተወሰነውን መጠገን አልተቻለም። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ፎርማት ይሮጣል። ይህ መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ዘሩ ራሱ ነቀዝ እንደገባው ነው። ለዚህ ሁለተኛ ትዕዛዝ አለ፣ ዲአይኤስኤም ይባላል። እርሱ ጤነኛውን ዘር ከማይክሮሶፍት በኢንተርኔት ያመጣል። አጻጻፉ ዲአይኤስኤም፣ ቀጥሎ ሰረዝ ኦንላይን፣ ሰረዝ ክሊንአፕ-ኢሜጅ፣ ሰረዝ ሪስቶርሄልዝ ነው (DISM /Online /Cleanup-Image /RestoreHealth)። ከእያንዳንዷ ሰረዝ በፊት ክፍት ቦታ ይተዉ። መሐል ላይ ቆሞ የቀረ ይመስላል። አልቆመም፣ ታገሡት። ሲጨርስ ኤስኤፍሲን ድገሙት። ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው ዲአይኤስኤም ቀድሞ ኤስኤፍሲ እንዲከተል ነው። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ከሌለ የስልክ ዳታ ይበቃል። እሱም ካልተገኘ፣ ተመሳሳይ የዊንዶው ቨርዥን ያለበት መጫኛ ፍላሽ እንደ ምንጭ ሊሰጠው ይችላል።

ጭራሽ አልከፍት ካለስ? ዊንዶው 10 እና 11 በተከታታይ መነሣት ሲያቅታቸው የጥገና ገጹን ራሳቸው ያመጣሉ። እዚያ ውስጥ የአነሣስ ጥገና አለ። ኮምፒውተሩን ጤነኛ ወደነበረበት ቀን የሚመልስ ሲስተም ሪስቶርም አለ። ይኼኛው የግል ፋይል አይነካም። «ሪሴት» የሚለው ደግሞ «ፋይሎቼን አቆይ» የሚል ምርጫ ይሰጣል። የጫናችኋቸውን ፕሮግራሞች ያጠፋል፣ ፎቶና ጽሑፉን ይተዋል። ፎርማት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

«የእኔ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ሲ ቢጠፋ አይነካውም»

መምህሩ ይህን ሲሉኝ ደነገጥኩ። እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ስሕተት ጠፍቷል!

ዴስክቶፕ ማለት ስክሪኑ ላይ የምናየው ቦታ ስለሆነ የተለየ መቀመጫ ያለው ይመስላል። የለውም። ሲ በሚባለው፣ ዊንዶው በተጫነበት የዲስክ ክፍል ውስጥ፣ በስማችሁ በተከፈተው ፎልደር ሥር ያለ አንድ ተራ ፎልደር ነው። ዶኩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስም እንደዚያው። እናም ባለሙያው «ሲን ብቻ ነው ፎርማት የማደርገው፣ ዲ አይነካም» ሲላችሁ እውነቱን ነው። ግን ሕይወታችሁ ያለው ሲ ላይ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ስትሰጡ «ዴስክቶፔንና ዶኩመንትሴን መጀመሪያ ቅዳልኝ» በሉ። ሲቀዳ አይታችሁ፣ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ አረጋግጡ። ሳታስቡት ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን መጠቀም ወዲያው አቁሙ። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የማውጣት ዕድል አለ። ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር ክፍል በሌለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ላይ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

«ካልተነሣ ፋይሉም ጠፍቷል»

አይደለም። ቁልፉ የተሰበረ ቤት ውስጡ ያለው ዕቃ አልተዘረፈም። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ወጥቶ በኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ፋይሉም ይቀዳል። ወይም ሊኑክስ (በዊንዶው ፋንታ ኮምፒውተር የሚያስነሣ ሌላ ሥርዓት) በተጫነበት ፍላሽ ማስነሣት ይቻላል። ኡቡንቱ ለምሳሌ ምንም ሳይጭን ከፍላሹ ላይ ይሠራል፣ የዊንዶውን ፎልደሮችም ያሳያል። በነጻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው የተቆለፈ ነው፤ ቢትሎከር የሚባለው። ያኔ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ ቁልፉ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። የአካውንታችሁን የይለፍ ቃል ዛሬ፣ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ፣ ጻፉት።

«አዲስ አበባ ካልተላከ አይሆንም» የሚሉም አሉ። ዲስኩ ራሱ ከውስጥ ተሰብሮ ከሆነ ልዩ ባለሙያ ያስፈልግ ይሆናል። ለተበላሸ ዊንዶው ግን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያንን ሁሉ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ፣ ሃርድ ዲስክ በአውቶቡስ ማንገላታት አያስፈልግም።

«ስታቢላይዘር ስላለኝ መብራት ቢጠፋም ግድ የለኝም»

እኛ አካባቢ ፋይል ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው የመብራት መቆራረጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በተለይ ክረምት ላይ፣ ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም።

ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል። ይጠቅማል። መብራት ሲሄድ ግን እርሱም አብሮ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ እየጻፈ የነበረው ፋይል ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። አፕዴት ላይ ከነበረ ደግሞ የሚጻፈው የዊንዶው የራሱ ፋይል ነው።

ዊንዶው ለዚህ መከላከያ አለው። እንደ ዕድር ጸሐፊ ሊያደርግ ያሰበውን መጀመሪያ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። መብራት ሲመለስ መዝገቡን አይቶ በግማሽ የቀረውን ያስተካክላል። ነገር ግን መዝገቡ የሚጠብቀው የፋይሎቹን አቀማመጥ ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ወይም ፎቶ ስለመትረፉ ዋስትና አይሰጥም።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። የሚሰጠው ደቂቃዎችን ነው፤ ሥራን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ላፕቶፕ ካላችሁ ባትሪው ራሱ ውስጡ ያለ ዩፒኤስ ነው። «ባትሪው እንዳይደክም» ብሎ አውጥቶ በቻርጀር ብቻ መሥራት ይህን ጥበቃ መጣል ነው። መብረቅ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ከሶኬት መንቀል ነው፣ ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

«ቫይረስ ነው»

አንዳንዴ ነው። በፍላሽ ከቤት ወደ ሥራ ቦታ የሚዞረውን፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እርሱ እንኳ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ።

ግን ሰማያዊ ስክሪን ባየን ቁጥር ቫይረስ ማለት ትክክል አይደለም። እያረጀ ያለ ዲስክ፣ የተበላሸ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ የተቋረጠ መብራት፣ ሁሉም ያንኑ ምልክት ያመጣሉ። ራሙን ለመፈተሽ ዊንዶው ውስጥ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ የሚባል መሣሪያ አለ። ኤስኤፍሲ ዛሬ ጠግኖ ከሳምንት በኋላ ሌላ ፋይል ከተበላሸ፣ ጥፋቱ ከፋይሉ ሳይሆን ከዕቃው፣ ለምሳሌ ከዲስኩ ወይም ከራሙ፣ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አንቲቫይረስ ቫይረሱን ቢያስወጣም የተበላሸውን የዊንዶው ፋይል አይመልስም። ከጽዳቱ በኋላ ኤስኤፍሲን ማስኬድ ያስፈልጋል።

«የጎደለውን ዲኤልኤል ከኢንተርኔት ማውረድ ነው»

ዲኤልኤል ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚጠሩት ረዳት ፋይል ነው። ከኢንተርኔት ማውረዱን ግን አታድርጉት። ማን እንደጫነው የማይታወቅ ፋይል የዊንዶው ልብ ውስጥ ማስገባት ነው። የዊንዶው ከሆነ ኤስኤፍሲ ይመልሰዋል። የፕሮግራሙ ከሆነ ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ነው። ሬጂስትሪ የተባለውን የዊንዶው ማስተካከያዎች መዝገብ እናጸዳለን የሚሉትን «ሬጂስትሪ አጽጂ» ፕሮግራሞችም እንዲሁ ተዉአቸው። ማይክሮሶፍት አይደግፋቸውም።

«አፕዴት ነው የሚያበላሸው፣ ለዘላለም ዝጋው»

አፕዴት አንዳንዴ ችግር እንደሚያመጣ አልክድም። ነገር ግን እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የማየው መሐል ላይ የተቋረጠ አፕዴት ነው። የዳታ ወጪው ካሳሰባችሁ ኮኔክሽኑን «ሜተርድ» አድርጉት፤ ያኔ አብዛኛውን ሳይጠይቅ አያወርድም። መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ፍቀዱለት። ዊንዶው 10 የምትጠቀሙ ደግሞ የተለመደው ነጻ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ማብቃቱን አስታውሱ። ኤስኤፍሲና ዲአይኤስኤም ግን አሁንም ይሠራሉ።

«አጥፍቶ ማብራትና ሪስታርት አንድ ነው»

አንድ አይደለም። ከዊንዶው 8 ወዲህ ብዙ ኮምፒውተሮች ሲጠፉ የሥርዓቱን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ነው፣ በፍጥነት እንዲነሡ። ስለዚህ ችግሩም አብሮ ይነሣል። ከጥገና በኋላ «ሪስታርት» የሚለውን ተጫኑ።

«ቼክዲስክ ምንም አይጎዳም፣ ቀድሞ እሱን ማስኬድ ነው»

መምህሩ ቤት ልሳሳት የነበረው እዚህ ላይ ነው። ቼክዲስክ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የዲስኩን አቀማመጥ ስሕተት ያርማል። አር (/r) የሚለው ሲጨመርበት ግን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ ሰዓታት ይፈጃል። ሊሞት የደረሰ ዲስክ ላይ ይህ ጭነት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

እጄ ትዕዛዙ ላይ ሳለ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተውኩት። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፈትኩ። ጤነኛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲያሠጋ ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ ያሳያል። ቢጫ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምንም አንጠግንም። እንቀዳለን» አልኳቸው። ከቡናው ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቪዲዮውን፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹን፣ ከዚያ ፈተናዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አሻገርን። ሁለት ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ሁለት ጊዜ ካቆምንበት ቀጠልን። በማግሥቱ ኤስኤስዲ ተገዛ፣ ዊንዶው በአዲሱ ላይ ተጫነ። ቪዲዮው ሲከፈት መነጽራቸውን አውልቀው ድምፁን ጨመሩት። ከዚያ አንድ ቅጂ በፍላሽ አድርገን፣ ባሕር ዳር ላለችው ልጃቸው ላክንላት።