የዲጂታል ካሜራ መሠረታዊ ማስተካከያዎች ለጀማሪ ፎቶ አንሺ

ዲጂታል ካሜራ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ሴንሰሩ ላይ አሳርፎ ፎቶ ያደርገዋል። ቁልፎቹ ቢበዙም የፎቶውን ድምቀት በዋናነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አፐርቸር፣ ሸተር ስፒድ እና አይኤስኦ።

አፐርቸር ብርሃን የሚያልፍበት የሌንሱ ቀዳዳ ነው። መለኪያው 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያለ ይሄዳል። ጀማሪን የሚያደናግረው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ሰፊ ቀዳዳ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ያደበዝዛል፤ ጠባቡ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያሳያል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው የተለመደው የ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ቀዳዳው ከ5.6 በላይ ስለማይሰፋ፣ የሰው ፊት ማንሳት የሚወዱ ብዙዎች ቀጥለው የሚገዙት ባለ 1.8 የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው።

ሸተር ስፒድ ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ ይወስናል። እስክስታ የሚመታ ትከሻ በ1/60 ሰከንድ ይደበዝዛል፣ በ1/500 ግን ቀጥ ይላል። አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያሳይ ነው፦ ለፀሐይ 100፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ 1600 ወይም 3200። ከፍ ሲል ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ያመጣል፤ ቢሆንም ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ እጅ ተንቀሳቅሶ ከተበላሸው ይሻላል።

ሦስቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። በጥምቀት ቀትር ላይ ጃንሜዳ የቆመ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ በአይኤስኦ 100፣ በአፐርቸር 8 እና በ1/400 ሰከንድ ቢጀምር ብዙ አይስትም። የጀርባውን ሕዝብ ለማደብዘዝ ቀዳዳውን ወደ 4 ቢከፍት ብርሃኑ አራት እጥፍ ስለሚሆን ሸተሩን ወደ 1/1600 ማፍጠን ይኖርበታል።

እዚያው ጃንሜዳ የካሜራው ራስ ሰር የብርሃን መለኪያ ይሳሳታል። መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ፍሬሙ በነጭ ነጠላ ሲሞላ ጨርቁ አመድማ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ይጨልማል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭኖ እስከ አንድ ደረጃ (+1) መጨመር ነው። ከመጠን ካለፈ ግን የነጠላው ሽመና ይጠፋል፣ ስለዚህ ሂስቶግራሙ፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማ ከግራ ብርሃኑን ከቀኝ የሚያሳየው ግራፍ፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተገፍቶ እንዳልተቆረጠ ማየት ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ይህን ቁልፍ ነው።

ለዚህ የሚመቸው አፐርቸሩን ሰው፣ ሸተሩን ካሜራው የሚመርጡበት ሞድ ነው፤ ካኖን ላይ «ኤቪ»፣ ኒከንና ሶኒ ላይ «ኤ» ይባላል። ሙሉ ማኑዋል የባለሙያነት ማረጋገጫ ተደርጎ ይወራል፤ ደመና በሚመጣበትና በሚሄድበት ቀን ግን ትርፉ ቁልፍ ሲያሽከረክሩ ጥሩ አጋጣሚ ማሳለፍ ነው።

ዋይት ባላንስ የቀለሙን ሙቀት ያስተካክላል፤ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ፊት ብርቱካናማ እንዳይሆን የአምፖሉን ምልክት መምረጥ ይበቃል። በ«ሮው»፣ ማለትም በጥሬው የተቀመጠ ፋይል ይህን በኋላ በኮምፒውተር ለማረም ያስችላል፣ የሚይዘው ቦታ ግን ከተለመደው የታመቀ የፎቶ ፋይል ከ«ጄፔግ» በብዙ ይበልጣል።

የካሜራው ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፦ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት 9:00 ተብሎ ይሞላል። ሰርግ ላይ ሁለት ካሜራ ሲሠራ ሰዓታቸው ካልገጠመ የሙሽራዋ ቤትና የአዳራሹ ፎቶዎች ተደባልቀው ይደረደራሉ።