ሐሳብ አንባቢዎች አይደለንም፦ ስለ ነርቭ ምህንድስና ቤተ ሙከራ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

እናቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ዛሬም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሽቦ ስትከቱ ዋላችሁ?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ከልብ ነው፤ ስጋትም አለበት። የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ምህንድስና ቤተ ሙከራ ነው፤ አንጎልንና ነርቭን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ሙያ ማለት ነው፤ ሥራዬ የጥናት አስተባባሪነት ነው። ተሳታፊ እመዘግባለሁ፣ የፈቃድ ቅጹን አስረዳለሁ፣ ራስ እለካለሁ፣ የአንጎልን ሞገድ የሚቀዳውን ቆብ አለብሳለሁ፣ ማታ ላይ ኤሌክትሮዶቹን፣ ማለትም የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚቀበሉትን ትንንሽ ብረቶች፣ አጥባለሁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ ላይ የማገኛቸው ወገኖችም የሚጠይቁኝ ከእናቴ ጥያቄ ብዙ አይርቅም። እዚህ የሰማኋቸውን እያነሣሁ የማውቀውን ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የሰውን ሐሳብ ታነባላችሁ»

ሰውን ስለሚያስፈራ ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። አንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ። በዚህ ሙያ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው፣ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተፈለሰፈው፣ አንጎል ላይ የሚተከለው ኤሌክትሮድ ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር በ4 ሚሊ ሜትር ነው። ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በላዩ 100 ያህል ጥቃቅን መርፌዎች ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ መርፌ የሚሰማው በጫፉ አጠገብ ያሉትን ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ነው። በዚህ መሣሪያ የሰው ሐሳብ ተነበበ ማለት፣ መርካቶ ውስጥ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ጆሮ የሰጠ ሰው የመላ ከተማውን ምስጢር ዐወቀ እንደማለት ነው።

ታዲያ ያቺ ምስር የምታህል ነገር ምን ትሠራለች? በ2021 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ለእኔ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። በኅብለ ሰረሰሩ ላይ በደረሰ ጉዳት እጁን ማዘዝ የተሳነው አንድ የ65 ዓመት ሰው፣ እስክሪብቶ ይዞ እንደሚጽፍ አድርጎ ፊደል ለመጻፍ እንዲሞክር ተጠየቀ። እጁ አልጻፈም። እጅን የሚያዘው የአንጎሉ ክፍል ግን ከጉዳቱ ዓመታት በኋላም ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ በደቂቃ 90 ፊደላት ጻፈለት። እዚህ ላይ የተነበበው ምስጢር አይደለም፤ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ሰውየው ለመጻፍ ካልሞከረ የሚጻፍ ነገር የለም። ኮምፒውተሩም ፊደሎቹን የለየው ሰውየው አስቀድሞ ብዙ ዓረፍተ ነገሮችን በትዕግሥት እየጻፈ ስላስተማረው ነው። በ2023 ስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ በየፊናቸው መናገር የተሳናቸውን ሰዎች ንግግር በደቂቃ 62 እና 78 ቃላት ወደ ጽሑፍ ሲቀይሩም፣ ተሳታፊዎቹ ከንፈርና ምላሳቸውን ለማንቀሳቀስ እየሞከሩ ነበር።

ሰው በውስጡ ለራሱ የሚናገረውን ንግግር የሚመረምሩም አሉ። ስለዚህ «የአንጎሌ መረጃ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅን ሰው ፈሪ አልለውም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከወዲሁ ሕግ ሊበጅለት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

«የአንጎል ዶክትሬት የሚማር ከሆነ ሐኪም ነው»

ባለፈው ፋሲካ አንዲት የማከብራቸው እናት ከእኛ ጋር ያለውን ኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ተማሪ ወደ ጥግ ወሰዱትና «ልጄ፣ የአንጎል ዶክተር ነህ አሉኝ። ይሄ ራስ ምታቴ ምን ይሻለዋል?» አሉት። ልጁ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። «እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ቀጠሮ ላስይዝልዎትና አብሬዎት ልሂድ» አላቸው፤ ሄደም።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ የሚበዙት የኤሌክትሪክ፣ የኮምፒውተርና የሕክምና መሣሪያዎች መሐንዲሶች ናቸው። ሒሳብ የተማረ አለ፣ ሥነ ልቦና የተማረች አለች። ቅል የሚከፍቱት ከሆስፒታል የሚመጡ የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ብቻ ናቸው፤ ተማሪ በዚያ ክፍል ውስጥ ቢገኝ እንኳ ከኮምፒውተሩ ፊት ነው።

ስለ እኛ ስለ ሠራተኞቹም አንድ ነገር ልበል። ቴክኒሽያኑ፣ አስተባባሪዋ፣ መሣሪያ የሚበይደው ሰው «ረዳት» ተብለው ይታለፋሉ። ተማሪ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት ጨርሶ ይሄዳል። የትኛው የምልክት ማጉያ ሲሞቅ እንደሚያስቸግር፣ የትኛዋ ተሳታፊ ጠዋት ላይ ጡንቻዋ እንደሚተሳሰር፣ የ2016ቱ መረጃ በምን ዓይነት ስም እንደተቀመጠ የሚያውቀው ግን የሚቆየው ሰው ነው። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውም ከፕሮፌሰሩ ሳይሆን ከእሱ ነው።

«ኤሌክትሪክ ወደ ጭንቅላቴ ልትለቁብኝ ነው»

ቆቡን ሳለብስ ብዙ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ስለዚህ አስቀድሜ የምናገረው ይህንን ነው፦ ይህ ቆብ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም። ከአንጎል ተነሥቶ ቅልንና ቆዳን አልፎ የሚደርሰን ኤሌክትሪክ የሚለካው በቮልት ሚሊዮንኛ ነው፤ ከአሥር እስከ መቶ ያህሉ። ዓይን ሲርገበገብ የሚፈጠረው ምልክት ከዚህ ይበልጣል፤ ጥርስ ማፋጨት ደግሞ ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ከዚያ በመለኪያ ገመድ አፍንጫና ግንባር ከሚገናኙበት እስከ ማጅራት ጉብታ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እለካለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት አናት ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ጫፉ በዶለዶመ መርፌ ቀዝቃዛ ጄል በእያንዳንዱ ቀዳዳ እጨምራለሁ። ሁሉም ሲስተካከል «አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ» እላለሁ። በማያ ገጹ ላይ ከራስ ኋላ በኩል ያሉት መስመሮች በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል በአንድ ልክ መነሣትና መውደቅ ይጀምራሉ። «ይክፈቱ» ስል ማዕበሉ ይጠፋል። ማያ ገጹን ወደ ተሳታፊው አዙሬ የተቀዳውን ሳሳያቸው ፊታቸው ላይ የሚታየው መደነቅ እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 የሰውን አንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድቶ በ1929 ሲያሳትም በመጀመሪያ ያመነው ጥቂት ሰው ነበር።

ኤሌክትሪክ የሚሰጡ መሣሪያዎችም በእርግጥ አሉ፤ ያም ቢሆን የሚያስፈራ ነገር አይደለም። በጆሮ ውስጥ የሚተከለው የመስሚያ መሣሪያ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ሁለት በሚሆኑ ኤሌክትሮዶች የመስሚያ ነርቭን ይቀሰቅሳል፤ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚደረገው የጥልቅ አንጎል ማነቃቂያም እንዲሁ፤ በ1987 በፈረንሳይ ግሮኖብል የነአሊም ሉዊ ቤናቢድ ሥራ መንገዱን ከፈተ። ዛሬ ባትሪው ደረቱ ላይ ከቆዳ ሥር ተቀብሮለት ሥራው ላይ የሚውል ሰው ብዙ ነው።

«ሁሉንም የጀመረው ኢሎን መስክ ነው»

የመስክ ኩባንያ ኒውራሊንክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አንጎል መሣሪያ የተከለው በጥር 2024 ነው። ብሬንጌት የተባለው፣ ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ምርምር የተነሣው ጥናት በ2004፣ ማለትም ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ ማት ኔግል ለተባለ ሰውነቱ ሽባ የሆነ ወጣት ተክሏል፤ ወጣቱም በሐሳቡ የኮምፒውተር ጠቋሚ አንቀሳቅሷል፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቀይሯል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ዣክ ቪዳል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ለዘርፉ «የአንጎልና የኮምፒውተር መገናኛ» የሚል ስም ያወጡለት በ1973 ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል ደግሞ ኤበርሃርድ ፌትዝ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አንድ ጦጣ የአንዲት ነርቭ ሕዋሱን እንቅስቃሴ ምግብ ለማግኘት ሲል ከፍ ማድረግ እንደሚማር ያሳዩት በ1969 ነው። ኩባንያው የሠራው ምህንድስና ትልቅ ነው፤ መሠረቱን የጣሉት ግን በመንግሥት ገንዘብ የተማሩ ስማቸው ያልተጠራ ተማሪዎች ጭምር ናቸው።

«ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ግኝት ሲያገኙ ይውላሉ»

ያለፈው ክረምት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ አየኋት። በቅጂው ውስጥ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚንጫጫ ድምፅ ገብቶባታል። ያ የአሜሪካ የመብራት ኃይል ድምፅ ነው፤ አገራችን ቢሆን 50 ይሆን ነበር። መብራቱን አጠፋች፣ ገመዶቹን ለያየች፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከሶኬት ነቀለች። በሦስተኛው ቀን ማታ ጥፋቱ ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል የተሰካ የአልጋ ሞተር ሆኖ ተገኘ። ነቀለችው፤ መስመሮቹ ጸጥ አሉ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አብሬያት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ በምታሳትመው ጽሑፍ ላይ ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ቃል አይኖርም። ኮድ ማረም፣ የስነ ምግባር ቦርድ ቅጽ መሙላት፣ መረጃ ማጽዳት፣ እንደገና መቅዳት፤ የተማሪው ዕለት በአብዛኛው ይህ ነው።

«የዶክትሬት ትምህርት ለሀብታም ልጅ ነው» ለሚሉኝ ወላጆች መልሴ አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ በምህንድስና ዶክትሬት የሚማር ተማሪ እንደ ደንቡ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ በየወሩም መጠነኛ የኑሮ አበል ያገኛል፤ በምላሹ በምርምር ወይም በማስተማር ይሠራል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ማስተርስ ሳይጠይቁ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ። ይህን ባለማወቅ ማመልከት የተዉ ጎበዞችን አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል።

«ተሳታፊዎቹ መሞከሪያ ናቸው፤ ወይ ደግሞ ሊድኑ የመጡ ናቸው»

ሁለቱም ስህተት ነው። በፈቃድ ቅጹ ላይ ከሁሉ ቀድሜ የማስረዳው፣ ጥናቱ ለራሳቸው ምንም ጥቅም ላይሰጥ እንደሚችልና በማንኛውም ሰዓት ያለ ምክንያት ማቋረጥ እንደሚችሉ ነው። ይህን ሰምተው «እኔ ባላገኘው ለሚቀጥለው ይሆናል» ብለው የሚፈርሙ ሰዎች ናቸው። እንደ ብሬንጌት ባለው ጥናት ቴክኒሽያን ወደ ተሳታፊው ቤት ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ ራስ ላይ ካለው መሰኪያ ጋር ገመዱን ያገናኛል፣ ለሰዓታት አብረው ይሠራሉ። ተሳታፊው «ዛሬ ጠቋሚው ወደ ግራ ይጎትተኛል» ሲል መሐንዲሱ ኮዱን የሚያርመው በዚያ ቃል ነው።

በ2012 የታተመውን ሥራ አስታውሳለሁ። በስትሮክ ምክንያት ለ15 ዓመታት ያህል እጅና እግሯን ማንቀሳቀስም መናገርም ያልቻለች ሴት፣ በሐሳቧ ሮቦት ክንድ አዝዛ የቡና ጠርሙስ ወደ አፏ አምጥታ በስትሮው ጠጣች። ከዚያ ጠርሙሱን መልሳ አስቀመጠችና ፈገግ አለች። ለ15 ዓመት ቡናን ከሰው እጅ ብቻ የጠጣ ሰው ያ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ተከላው ካለቀ ሁሉም ነገር አለቀ ማለትም አይደለም። ሴከንድ ሳይት የተባለው ኩባንያ ለዓይነ ስውራን ሰው ሠራሽ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል የሚተካ መሣሪያ) ሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ350 ለሚበልጡ ሰዎች ከተተከለ በኋላ በ2019 ምርቱን አቆመ፤ መሣሪያው የተበላሸባቸው ሰዎች ጠጋኝ አጡ። ይህ በዓይናቸው ለተሰጠ አደራ የማይገባ ነበር። አሁን እኛ ዘንድ ጥናት ሲነደፍ «ገንዘቡ ሲያልቅ እነዚህን ሰዎች ማን ይከታተላቸዋል?» ብሎ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ሰው እንዲኖር ያደረገው ይኸው ነው።

«ሹሩባ ካለ ምርመራው አይሆንም»

ይህን ስህተት የሠራነው እኛው ነን። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጣች። ሹሩባዋ ገና ትኩስ ነበር፤ ለእኛ ብላ ራሷን አሳምራ ነው የመጣችው። ቆቡ በተጎነጎነው ጸጉር ላይ ተንሳፈፈ፣ ኤሌክትሮዱ ቆዳ አልነካም፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ቀይ ሆኑ። «ጸጉርዎ አይመችም» ብለን መለስናት። ያን ቃል በአማርኛ የነገርኳት እኔ ነበርኩ።

ችግሩ ግን የጸጉሯ አልነበረም። ቆቡ ሲሠራ እንደ እኛ ያለ ጸጉር አልታሰበም ነበር። በዚህም ምክንያት ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰዎች ከአንጎል ሞገድ ጥናቶች ሲቀሩ ኖረዋል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ቤት የሚነሣው ቅጂም ይበላሻል። በፒትስበርግ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ተማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2020 ያቀረበችው መፍትሔ ያስደንቃል፦ ጸጉሩን ከመፍታት ይልቅ መጎንጎን። ሹሩባው ኤሌክትሮድ በሚያርፍባቸው መስመሮች ልክ ወደ ኋላ ሲሠራ በጉንጉኖቹ መሃል ያለው ቆዳ ይገለጣል፤ ኤሌክትሮዱ በዚያ ክፍተት ይገባና ጉንጉኖቹ ራሳቸው አጥብቀው ይይዙታል።

እናቶቻችን በየደጃፉ ተቀምጠው በማበጠሪያ ጫፍ ሲከፍሉት የኖሩት መስመር ማለት ነው። አሁን ቀጠሮ ለሚይዙ ሁሉ የምልከው መልእክት ላይ ጸጉራቸው በሹሩባ ተሠርቶ ለሚመጡ የተለየ አንቀጽ ጨምሬያለሁ፦ «እባክዎ አይፍቱት። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የተሠራ ሹሩባ ይመቸናል። ካልተሠራ እዚሁ የምትሠራልዎት አለች፤ አንድ ሰዓት ጨምረው ይምጡ።» ያቺን ሴትም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ወር መጣች፤ ዓይኗን ስትጨፍን ማዕበሉ ጥርት ብሎ ወጣ።