ኦርጋኒክ ኬሚስት ምንድን ነው?

«ሰውየው ኦርጋኒክ ኬሚስት ነበር ይላሉ፤ የሠራው ግን ኬሚካል ነው። ታዲያ ኦርጋኒኩ የቱ ጋ ነው?»

ይህን ያለው ፕሮዛክ ስለተባለው የድብርት መድኃኒት አስተያየት ሲሰጥ የነበረ አንድ ወንድም ነው። «ሰውየው» ያለው ከመድኃኒቱ ሠሪዎች አንዱን፣ ብራያን ሞሎይን ነው። ኦርጋኒክ ማር ሲባል ዝም ብያለሁ። ኦርጋኒክ ሻምፖ ሲባልም አልፌዋለሁ። «ኦርጋኒክ ጨው» የሚል ስሰማ እንኳ ምላሴን ነክሻለሁ፤ የወጥ ጨው ውስጥ ካርቦን የሚባል ነገር የለም። ይቺኛዋ ግን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ከአቅም በላይ ናት።

እኛ ቤት ኦርጋኒክ ማለት የካርቦን ውህድ ማለት ነው። ከእርሻ ይምጣ ከፋብሪካ አያገባንም። (ካርቦን ዳይኦክሳይድና የኖራ ድንጋይ ካርቦን እያላቸው አይቆጠሩም። ለምን አትበሉኝ፤ ልማድ ነው።) ድሮ ድሮ ቃሉ ከሕያው አካል ብቻ ለሚገኝ ነገር ነበር። ከዚያ በ1828 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ዩሪያን ያለ ሕያው አካል በቤተ ሙከራ ሠራ። ዩሪያ ሽንት ውስጥ ያለ ነገር ነው። አዎ፣ ገበሬው በኩንታል የሚገዛው ማዳበሪያም እሱው ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ዩሪያ ለኬሚስቱ ኦርጋኒክ ነው። ዩሪያ ተጨምሮበት የበቀለ ጤፍ ግን በገበያው ቋንቋ ኦርጋኒክ አይባልም። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእርሻው ቃል ስለ አመራረት ያወራል፣ የእኛው ስለ አቶም። የትኛውም «አይጎዳም» ማለት አይደለም። የጉሎ ፍሬ መርዝም ተፈጥሮ የሰጠችን ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ብራያን ሞሎይ ስኮትላንድ ተወልዶ፣ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አሜሪካ ተሻገረ። በ1966 ኢንዲያናፖሊስ በሚገኘው ኢላይ ሊሊ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ተቀጠረ። መጀመሪያ ሐሳቡ ልብ ላይ ነበር። ስለ አእምሮ እንዲያስብ የገፋፋው የሥራ ባልደረባው ሬይ ፉለር ነው። ሞሎይ መነሻ ያደረገው ዳይፈንሃይድራሚንን ነው፤ ያ እንቅልፍ የሚያስይዘው የአለርጂ መድኃኒት። የእሱን ቅርጽ ይዞ እዚህም እዚያም እየነካካ ብዙ ውህዶች ሠራ። የኦርጋኒክ ኬሚስት የዕለት ሥራ ይኸው ነው።

ነጠላ አስቡ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። በአዘቦት ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይወጣል። ያየ ሁሉ ወዴት እንደምትሄዱ ያውቃል። ከሞሎይ ውህዶች አንዱ ኒሶክሴቲን ይባላል። ጥለቱ፣ ማለትም ትንሿ የአቶም ቡድን፣ በካርቦን ቀለበቱ ላይ ከኦክስጅኑ ጎን ተቀምጣለች። ይህ ውህድ የነርቭ ሕዋስ ኖርኤፒነፍሪንን (ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች አንዱን) መልሶ እንዳይመጥ ያግዳል። በፍሉኦክሴቲን ላይ ደግሞ ሦስት ፍሎሪን የያዘ ሌላ ቡድን ከኦክስጅኑ ትይዩ፣ በቀለበቱ ማዶ ገባ። ቦታውም ጥለቱም ተቀየረ። ውህዱ ኖርኤፒነፍሪንን ትቶ ሴሮቶኒን በሚባለው ሌላ የነርቭ መልእክተኛ ላይ አነጣጠረ። ፕሮዛክ ማለት ይኸው ፍሉኦክሴቲን ነው።

ምሳሌዬን ትንሽ ልለጥጠውና፣ ነጠላውን ለብሳችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። በቀኝ ትከሻ የጣላችሁት በግራ ይታያል። ፍሉኦክሴቲንም እንዲህ የመስታወት መንትያ አለው። እንክብሉ ውስጥ ሁለቱ እኩል በእኩል ተደባልቀው ይገኛሉ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ሳልናገር ካለፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላም አለ። እንክብሉ ላይ 20 ሚሊግራም ሲል ፍሉኦክሴቲኑን ብቻ ነው። የሚገባው ግን ሃይድሮክሎራይድ የሚባለው የፍሉኦክሴቲን ጨው (ኬሚስት ጨው የሚለው የወጡን ብቻ አይደለም) ስለሆነ ሚዛን ላይ 22.4 ገደማ ይመጣል።

ሞሎይ ብቻውን አልሠራውም። ክላውስ ሽሚገል የተባለ ጀርመን የተወለደ ኬሚስት አብሮት ነበር፤ ፓተንቱ ላይ ያለው የሁለቱ ስም ነው። ኬሚስት ግን ነጭ ዱቄቱን ሠርቶ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ይለጥፋል እንጂ አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቶ አይነግራችሁም። ያንን በ1972 የለዩት ሆንግ ኮንግ ተወልዶ ያደገው ባዮኬሚስት ዴቪድ ዎንግና ባልደረቦቹ ናቸው። ግኝታቸው በ1974 ታተመ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው በዲሴምበር 1987 መጨረሻ ነው። ከብልቃጥ እስከ ፋርማሲ 15 ዓመት ማለት ነው። «ፕሮዛክን አንድ ሰው ፈጠረው» ለሚሉ ይህን እተውላቸዋለሁ።

(ድብርት የሴሮቶኒን እጥረት ነው አላልኩም። መድኃኒቱ ሴሮቶኒን ላይ ይሠራል ማለትና የሕመሙ መንስኤ እሱ ነው ማለት ይለያያሉ። ይህ ደግሞ የሐኪሞቹ ሰፈር ስለሆነ እዚህ ልቁም።)

እና «ኦርጋኒኩ የቱ ጋ ነው?» ላልከው ወንድሜ፦ በአንድ የፍሉኦክሴቲን ሞለኪውል ውስጥ 17 ካርቦን አለ። ከእነሱ ጋር 18 ሃይድሮጅን፣ 3 ፍሎሪን፣ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን። ሃይድሮክሎራይዱን ሳይጨምር።