የግሪንላንድ የ1982 ሕዝበ ውሳኔ

ግሪንላንድ ሕዝቧን ጠይቃ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ (ከዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ) የወጣች የመጀመሪያዋ ምድር ናት፤ በሕዝበ ውሳኔው ብሪታንያን በ34 ዓመት ቀድማለች። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የውዝግቡ ሥር ያለው አገባቧ ላይ ነው። ደሴቲቱ እስከ 1953 የዴንማርክ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ አካል ተደርጋለች። ስለዚህ ዴንማርክ በ1972 ማኅበረሰቡን ለመቀላቀል ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ ግሪንላንዳውያንም አብረው ድምፅ ሰጡ። 70 በመቶ ያህሉ «አይሆንም» ቢሉም የመላ አገሪቱ ድጋፍ 63 በመቶ ስለደረሰ በ1973 ሳይወዱ ገቡ። ከ1948 ጀምሮ የራሳቸው አስተዳደር የነበራቸው የዴንማርክ ግዛት የሆኑት የፋሮ ደሴቶች ግን ውጭ ቀሩ። ግሪንላንድም በሜይ 1979 የራስ አስተዳደር አገኘች፤ የሉተራን ቄስ የነበሩት ዮናታን ሞትስፌልት የሚመሩት ሲዩሙት ፓርቲም ሥልጣን ያዘ።

የክርክሩ እምብርት ዓሣ ነበር። የደሴቲቱ ኑሮ የቆመው ኮድ በሚባለው ዓሣና በሽሪምፕ ላይ ሆኖ ሳለ፣ በባሕር ክልሏ ማን ምን ያህል ያጥምድ የሚለው የሚወሰነው በማኅበረሰቡ መቀመጫ በብራስልስ ነበር፤ የምዕራብ ጀርመን ትልልቅ መርከቦችም በዚያው ውኃ ያጠምዱ ነበር። ሲዩሙት «የባሕራችን ጌቶች እኛው እንሁን» በሚል መንፈስ ለመውጣት ቀሰቀሰ፤ ግራ ዘመሙ ኢኑይት አታቃቲጊት ፓርቲም ደገፈው። ከዴንማርክ ጋር ያለው ትስስር እንዲጠብቅ የሚሻው አታሱት ፓርቲ ደግሞ ከማኅበረሰቡ የሚገኘው የልማት ገንዘብ ይቀርብናል ሲል ተቃወመ። ስጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ድምፁ ስለ ዓሣ ብቻ ነበር ወይስ ስለ ማንነትም ጭምር የሚለው ምናልባት አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ የ1972ቱ ቁስል ግን በግልጽ ይታይበታል።

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1982 ለመውጣት 12,615፣ ለመቆየት 11,180 ድምፅ ተሰጠ፤ 53 በመቶ ለ47 መሆኑ ነው። ጠባብ ልዩነት ቢሆንም የአጥማጆችና የአዳኞች ትንሽ ሕዝብ ቃሉን አስከብሯል።

ከድርድር በኋላ ስምምነቱ በማርች 1984 ተፈረመ፤ መውጣቱ የጸናው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1985 ነው። ማኅበረሰቡ ከግማሽ በላይ የቆዳ ስፋቱን አጣ፤ የቀነሰበት ሕዝብ ግን 50 ሺሕ ያህል ብቻ ነበር። ግሪንላንድ የባሕር ማዶ ግዛትነት ደረጃ፣ ማለትም ከማኅበረሰቡ ጋር የተቆራኘች እንጂ አባል ያልሆነች ምድርነት፣ አገኘች። የአውሮፓ መርከቦች በውኃዋ ለማጥመድ ክፍያ እንዲከፈላት፣ የራሷም ዓሣ ያለ ቀረጥ ወደ አውሮፓ ገበያ እንዲገባ ተስማማች። ነዋሪዎቿ በዴንማርክ ዜግነታቸው ዛሬም የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው።